ድልድዩ የወደቀው ኃይለኛው ንውጥውጥ ካለፈ በኋላ ነው፦ ፓይል በሊክዊፋክሽን ውስጥ ምን ይሆናል?

ሕሊና_ስትራክቸር

ሰላም ለሁላችሁ። የጂኦቴክኒክ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁና እርዱኝ።

ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በጁን 1964 የጃፓኗን ኒጋታ ስለመታው የመሬት መንቀጥቀጥ እያነበብኩ ነበር። መጠኑ 7.5 ነው። ከሁሉም ያልገባኝ የሾዋ ድልድይ ጉዳይ ነው። ድልድዩ ከተከፈተ ገና ወር ገደማው ነበር። ከ12ቱ ስፓኖች (በሁለት ድጋፎች መካከል ያሉ የድልድዩ ክፍሎች) አምስቱ ሺናኖ ወንዝ ውስጥ ገቡ። እያንዳንዱ ፒየር (የድልድዩ ድጋፍ) የቆመው በአንድ መስመር በተደረደሩ ዘጠኝ የብረት ቱቦ ፓይሎች (መሬት ውስጥ ጠልቀው የሚገቡ ምሰሶዎች) ላይ ነው፤ ዲያሜትራቸው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመታቸው 25 ሜትር ገደማ። ቀላል ፓይል አይደለም። የባሰው ደግሞ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች እንደተናገሩት ድልድዩ መውደቅ የጀመረው መንቀጥቀጡ ከጀመረ 70 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። ኃይለኛው ንውጥውጥ አልፎ ማለት ነው። ታዲያ ምን ጣለው?

የምጠይቀው ለእውቀት ብቻ አይደለም። ቢሮአችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅ ዳር ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል ዲዛይን እያደረገ ነው። ሶይል ቴስቱ ከላይ 2 ሜትር ደረቅ ሙሌት፣ ከሥሩ 9 ሜትር ልቅ አሸዋ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ያሳያል። ውሃው 2 ሜትር ላይ ይገኛል። የአሸዋው ኤስፒቲ (በመዶሻ ምት ብዛት የሚለካ የአፈር ጥንካሬ) ከ10 በታች ነው። እኔ ሊክዊፋክሽን (ውሃ የጠገበ አሸዋ ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ መሆኑ) ይፈተሽ ስል አለቃዬ «60 ሴንቲ ፓይል እስከ ጠንካራው ድረስ ካወረድን ምን ያስጨንቅሻል» ይለኛል። መልስ አጣሁለት።

ብሩክ_ጂኦቴክ

ሕሊና፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዝሽው። የአለቃሽ አባባል ግማሹ እውነት ነው። እዚያው ኒጋታ ካዋጊሺቾ የሚባል ሰፈር ያሉ አፓርታማዎች ፓይል አልነበራቸውም። አሸዋው ሲከዳቸው ዘመሙ፣ አንዱማ በጀርባው ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ጠንካራ ንብርብር ድረስ የወረደ ፓይል ቢኖራቸው እንዲያ ባልሆኑ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ፓይል ወደ ታች የሚመጣውን ጭነት ካሳለፈ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብ ነው አደጋው።

ከመነሻው ልጀምር። ልቅ አሸዋ ውሃ ጠግቦ ሲናወጥ ቅንጣቶቹ ሊጠጋጉ ይፈልጋሉ። በመሃላቸው ያለው ውሃ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ክብደት ውሃው ይሸከመዋል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ቅንጣት ከቅንጣት የሚደጋገፍበት ኃይል ወደ ዜሮ ይወርዳል። አሸዋ ጥንካሬው ሁሉ ከዚያ መደጋገፍ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል ማለት ነው።

ፓይሉ በዚህ ውስጥ የሚደርስበት መከራ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ንውጥውጡ ላይ እያለ ሕንፃው ከላይ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፣ በጎን ይደግፈው የነበረው አሸዋ ደግሞ እየላላ ነው። ቀጥሎ መሬቱ ወደ ወንዙ ወይም ወደ ሐይቁ መንሸራተት ይጀምራል፤ ላተራል ስፕሬዲንግ የምንለው ነው። ይሄኔ ነገሩ ይገለበጣል። ፓይሉን ይደግፍ የነበረው አፈር ራሱ ጭነት ሆኖ ይመጣበታል። ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላም አላለቀም፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ አሸዋው ይሰምጣል፣ ከላዩ ያለው ደረቅ ንብርብር አብሮ ይወርድና ፓይሉ ላይ ይንጠለጠላል። አንቺ ዲዛይን ያላደረግሽለት ተጨማሪ ክብደት ነው።

ለእኔ ከሾዋ ይልቅ አስተማሪው እዚያው ኒጋታ የነበረው የኤንኤችኬ (የጃፓን ብሮድካስት ድርጅት) ሕንፃ ነው። የአርማታ ፓይሎች ነበሩት፣ 35 ሴንቲ ዲያሜትር፣ ከ11 እስከ 12 ሜትር ርዝመት። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሰው ሲገለገልበት ኖረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ቦታው ለአዲስ ግንባታ ሲቆፈር ፓይሎቹ ወጡ። ተሰብረዋል። ያውም የትም አይደለም የተሰበሩት፤ ከላይ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ አንድ፣ ከታች ጫፋቸው አጠገብ ደግሞ አንድ። መሬቱ እዚያ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ተንሸራቶ ነበር። የተሰበሩባቸውን ቦታዎች ልብ በይ፤ የፈሰሰው አሸዋ ካልፈሰሰው ጋር የሚገናኝባቸው ወሰኖች ናቸው። አንዱ ንብርብር ሄዶ ሌላው ሲቀር ሞመንቱ (ፓይሉን የሚያጎብጠው ኃይል) እዚያ ነው የሚከማቸው። ለሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች ከላይ ሲሠሩ ፓይሉ ከታች ሁለት ቦታ ተቆርጦ ነበር።

ዳዊት_ቢ

ብሩክ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ሾዋ ላይ ቆም እንበል። ሕሊና የጠየቀችው እሱን ነው፣ መልሱም ላተራል ስፕሬዲንግ ብቻ ከሆነ እኔ አልቀበለውም።

ለረጅም ጊዜ በየመማሪያው የሚሰጠው ማብራሪያ «መሬቱ ተንሸራተተ፣ ፓይሉን ገፋው፣ ጎበጠ፣ ወደቀ» የሚል ነበር። ሁለት ነገር አይገጥምለትም። አንደኛ፣ በኋላ የአይን እማኞችን ቃል ያሰባሰቡ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የደረሱበት ድምዳሜ ድልድዩ መውደቅ የጀመረው የዳርቻው መሬት ጎላ ብሎ ከመንሸራተቱ በፊት ነው የሚል ነው። ሁለተኛ፣ መንሸራተቱ የሚከፋው ዳርቻው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጎዳት የነበረባቸው ከዳሩ አጠገብ ያሉት ፒየሮች ነበሩ። የወደቁት ግን ወደ ወንዙ መሃል ያሉት ናቸው፣ የወንዙ ወለል ሜዳ በሆነበት።

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪዎች ባታቻርያ፣ ማዳቡሺ እና ቦልተን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ነገር አነሱ። በሴንትሪፊውጅ (ትንሽ ሞዴልን በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ፈትነው ያሳዩት ይሄ ነው፦ ፓይል ቀጭንና ረጅም ኮለን ነው። ሁልጊዜ ስለ በክሊንግ (ቀጭን ኮለን ከላይ በሚጫነው ክብደት መታጠፉ) የማናስበው አፈሩ በጎን ስለሚይዘው ነው። አሸዋው ሲፈስ ያ መያዣ ይጠፋል። ከላይ ያለው ክብደት ደግሞ የትም አልሄደም። ስለዚህ መሬቱ አንድ ሴንቲ እንኳ ሳይንሸራተት ፓይሉ ከክብደቱ ብቻ ሊታጠፍ ይችላል። ንውጥውጡ ካለፈ በኋላ መውደቁም በዚህ ይገባኛል፤ አሸዋው ለመፍሰስ ጊዜ ወሰደ፣ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ኃይለኛ ንውጥውጥ አያስፈልገውም።

ያለፉ አደጋዎችን ሰብስበው ሲያዩም አንድ ግልጽ መስመር አግኝተዋል። ፓይሉ ያለ ደጋፊ የሚቀርበትን ውጤታማ ርዝመት ለሬዲየስ ኦፍ ጋይሬሽኑ (ከፓይሉ ውፍረት የሚወጣ ልኬት) ሲያካፍሉት ከ50 በላይ የመጡት ተጎድተዋል፣ ከ50 በታች የሆኑት ተርፈዋል።

ብሩክ_ጂኦቴክ

ዳዊት፣ በክሊንግን አልክድም። ሾዋ ላይ ያነሳኸው የጊዜ ጉዳይም ጠንካራ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሾዋ ፒየሮች ፓይላቸው በአንድ ረድፍ ነው፣ ከላይ እንደ ልብ መወዛወዝ ይችላሉ። አሸዋው ሲላላ ነፃው ርዝመት ስለሚጨምር የድልድዩ የመወዛወዣ ጊዜም ይረዝማል። ቀስ ያለና ሰፊ ውዝዋዜ ማለት ነው። ከዚያ ክብደቱ ከተጎነበሰው ፓይል ላይ ተጨማሪ ሞመንት ይፈጥራል። በክሊንግና ቤንዲንግ (በጎን ኃይል መጉበጥ) ተለያይተው አይመጡም፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ከራሱ ከባታቻርያ ጋር የሠሩ ሰዎችም በኋላ ይሄንን መስተጋብር ነው ያጠኑት።

ያ ማለት ግን ስፕሬዲንግን መርሳት እንችላለን ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። የኤንኤችኬ ፓይሎችን በክሊንግ አልሰበራቸውም። የጃፓኗን ከተማ ቆቤን ተመልከት፣ በጃንዋሪ 1995ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ። ፖርት አይላንድና ሮኮ አይላንድ በሙሌት የተሠሩ ደሴቶች ናቸው። የወደቡ ግድግዳዎች ወደ ባሕሩ ሄዱ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ድረስ። ከጀርባቸው ያለው መሬት ተከትሏቸው ሄደ። ከዳርቻው ራቅ ያሉ ባለ ፓይል ሕንፃዎች ብዙዎቹ ቆመው ቀሩ፣ ዙሪያቸው ያለው መሬት ግን ሰምጦ ደረጃው አየር ላይ ተንጠለጠለ። ዳርቻው አጠገብ የነበሩት ናቸው ከሥር የተቆረጡት።

ከቆቤ በኋላ የጃፓን የመንገድ ድልድዮች ኮድ እ.ኤ.አ. በ1996 ቁርጥ ያለ ነገር አወጣ። ያልፈሰሰው የላይኛው ንብርብር ፓይሉን በሙሉ ፓሲቭ ግፊት (አፈር ሊሰጠው በሚችለው ከፍተኛ የጎን ግፊት) ይገፋዋል ብለህ አስላ፤ የፈሰሰው ንብርብር ደግሞ ከላዩ ካለው ጠቅላላ ክብደት 30 በመቶውን ያህል ይገፋዋል። ይሄ ከውሃው ዳር እስከ 50 ሜትር ድረስ በሙሉው ይወሰዳል፣ ከ50 እስከ 100 ሜትር በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ አይታሰብም።

ሕሊና፣ ያንቺን ሳይት በዚህ ሒሳብ ሞክሬው ነበር። የአፈሩን ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 18 ኪሎ ኒውተን፣ የሙሌቱን የፍሪክሽን አንግል (የቅንጣቶቹን ሰበቃ የሚገልጽ ማዕዘን) 30 ዲግሪ አድርጌ። በአንድ ሜትር ስፋት፣ ፓይሉ ጠንካራው ንብርብር ላይ የተተከለ ብቻ ነው ብለን ብናይ፣ 2 ሜትሩ ሙሌት ብቻውን ታች ላይ ወደ 1,040 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት ያመጣል። 9 ሜትሩ የፈሰሰ አሸዋ ደግሞ ወደ 1,090። አየሽው? ሁሉም ሰው የሚፈራው የፈሰሰውን አሸዋ ነው፤ ያቺ ከላይ ያለችው ደረቅ ቅርፊት ግን 2 ሜትር ብቻ ሆና እኩል ትገፋለች። ሙሌቱ ደህና ስለተጠቀጠቀ አለቃሽ ደስ ብሎት ይሆናል። ለፓይሉ ግን ጠንካራ ቅርፊት ማለት ጠንካራ ገፊ ማለት ነው።

ሕሊና_ስትራክቸር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገና ሥዕሉ ጠራልኝ።

የዳዊትን 50 ሞከርኩት። ክብ ፓይል ሬዲየስ ኦፍ ጋይሬሽኑ የዲያሜትሩ ሩብ ስለሆነ ለ60 ሴንቲ 0.15 ሜትር ነው። 9 ሜትር ሲካፈል 60። ወደቀ። ወደ 80 ሴንቲ ባሳድገው 45 ይመጣል፣ ያልፋል ማለት ነው?

ሌላ ጥያቄ፦ አንዱ ባልደረባዬ በጎን የሚመጣውን ኃይል እንዲሸከሙ ፓይሎቹን አጋድለን እንትከል ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው?

ዳዊት_ቢ

9 ሜትሩን ብቻ አትውሰጂ። ፓይሉ ጠንካራው ንብርብር እንደገባ ወዲያው አይጨብጥም፣ የተወሰነ ዲያሜትር ያህል ወርዶ ነው የሚይዘው። 3 ዲያሜትር ብትጨምሪ ለ80 ሴንቲው 11.4 ሜትር ይሆናል፤ በ0.2 ሲካፈል 57። አላለፈም። 1 ሜትር ዲያሜትር ላይ 12 ሜትር በ0.25፣ 48 ይመጣል። ለጥቂት ነው። ደግሞ 50 የምልሽ ከአደጋዎች የተገኘ መለያ መስመር እንጂ የኮድ ቁጥር አይደለም፤ አክሲያል ጭነቱንም (ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን) ከኦይለር ክሪቲካል ጭነት (ኮለኑ በክሊንግ ከሚያደርግበት ጭነት) ጋር አወዳድሪ። ከሱ ጋር ከተጠጋ ኮንክሪቱ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አያድንሽም፣ በክሊንግን የሚወስነው የቁሱ ጥንካሬ ሳይሆን ግትርነቱ ነው።

ኮዱንም አሳዪው። ዩሮ ኮድ 7 (የአውሮፓ የጂኦቴክኒክ ኮድ) ላይ ፓይልን ለበክሊንግ መፈተሽ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም የሚለው የአፈሩ ሺር ጥንካሬ ከ10 ኪሎ ፓስካል ሲበልጥ ነው። የፈሰሰ ልቅ አሸዋ እዚያ ይደርስልኛል ብለሽ ልትተማመኚ አትችይም። ዩሮ ኮድ 8 (የመሬት መንቀጥቀጡ ኮድ) ክፍል 5 ደግሞ ሊፈሱ የሚችሉ ንብርብሮች በፓይሉ ጎን የሚሰጡትን ሰበቃ ከሒሳብ አውጡት ይላል። የኛ የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢኤስ ኢኤን የተወሰደው ከነዚሁ ስለሆነ አለቃሽ የውጭ አገር ነገር ነው ሊልሽ አይችልም።

የተጋደለውን ተዉት። ዩሮ ኮድ 8 ራሱ አይመክረውም። መሬቱ ሲሰምጥ የተጋደለው ፓይል ላይ ይጫንና ያጎብጠዋል።

ጋሽ_ተፈራ_ሳይት

ልጄ ሕሊና፣ እኔ የሳይት ሰው ነኝ፣ ፓይል ሲቆፈር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሒሳቡን ለነሱ ልተው። ብረቱን ግን አደራ።

ብዙ ድሮዊንግ ላይ የማየው እንዲህ ነው፦ ከፓይል ካፑ (የፓይሎቹን አናት ከሚያያይዘው ኮንክሪት) ሥር ጥቂት ሜትር ድረስ ብረቱ ጥቅጥቅ ይላል፣ ስታፋውም (ዋናውን ብረት ዙሪያውን የሚያስረው) በ10 በ10 ሴንቲ ይታሠራል። ከዚያ ወደ ታች ግማሹ ብረት ይቆረጥና ስታፋው በ20 እና በ30 ይሆናል፣ እዚያ ሞመንት የለም ተብሎ። ያ የሚሠራው አፈሩ ጨምድዶ ሲይዘው ነው። ብሩክ የነገረሽን የጃፓኑን ፓይል አስቢው፣ ታች ነው የተቆረጠው። ዩሮ ኮድ 8 ክፍል 1 ላይ በግትርነት በጣም የሚለያዩ ሁለት ንብርብሮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከወሰኑ በላይም በታችም ሁለት ሁለት ዲያሜትር ያህል፣ ፓይሉ ፕላስቲክ ሂንጅ (ብረቱ ተስቦ እንደ ማጠፊያ የሚሆንበት ቦታ) እንደሚፈጠርበት ሆኖ ይታሠር ይላል። ያንቺ ወሰን 11 ሜትር ላይ ነው። ፓይልሽ 1 ሜትር ከሆነ ከ9 እስከ 13 ሜትር ድረስ ስታፋው ይጠጋጋ፣ ዋናው ብረትም እዚያ መሃል አይቀጠል። የላይኛው ወሰን 2 ሜትር ላይ ስለሆነ እሱ ከካፑ ጋር አብሮ ይታሰራል። ድሮዊንጉ ላይ ጻፊው፤ ካልተጻፈ ሳይት ላይ ማንም አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ልቅ አሸዋና ውሃ ባለበት ጉድጓዱ ይናዳል። ያለ ኬዚንግ (ጉድጓዱን የሚይዝ የብረት ቱቦ) ወይም ያለ ቤንቶናይት (ግድግዳውን የሚደግፍ የሸክላ ጭቃ) እንዳትፈቅጂ። አሸዋው ናድ ብሎ ኮንክሪቱ ውስጥ ከገባ ፓይሉ አንገት ያወጣል። መሬት ሳይንቀጠቀጥ ገና የተሰበረ ፓይል ይዘሽ ነው የምትቀሪው።

ሦስተኛ፣ ሁሉን ነገር ፓይሉ ይሸከም ከምትሉ አፈሩን ለምን አታክሙትም? በቫይብሮ መጠቅጠቅ አለ፣ የጠጠር ኮለን አለ። ቆቤ ላይ ኦሪየንታል ሆቴል ነበር፣ ባሕሩ አፍ ላይ ገና እየተሠራ ያለ። ከሥሩ አፈሩን ከሲሚንቶ ጋር እያቀላቀሉ እንደ መረብ የተሻገሩ ግድግዳዎች ሠርተውለት ነበር፣ በየክፍሉ ያለውን አሸዋ አፍነው እንዲይዙ። ዙሪያውን ያለው የወደብ ግድግዳ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ወደ ባሕር ሲሄድ ሆቴሉ ደህና ተረፈ። ያንቺም ሆቴል ነው፣ ያውም ውሃ ዳር። ወጪውን ከ1 ሜትር ፓይል ጋር አወዳድሩት።

ኪያ_አአ

ከርዕስ ልውጣ ይቅርታ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። እኛም ጋ መሬቱ እንዲህ ሊፈስ ይችላል?

ብሩክ_ጂኦቴክ

ኪያ፣ ሦስት ነገር ባንድ ቦታ መገናኘት አለበት፦ ልቅ አሸዋ፣ ቅርብ ውሃ፣ ጠንካራና ረዘም ያለ ንውጥውጥ። የአዲስ አበባ መሬት በአብዛኛው ጥቁር ሸክላ፣ ቀይ አፈርና የተሸረሸረ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። መረሬው የራሱ ጣጣ አለው፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግን እንደ አሸዋ አይፈስም። እዚህ ከሊክዊፋክሽን ይልቅ የሚያሳስበኝ የሕንፃዎቹ አሠራር ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅና ወንዝ ዳር ግን ሦስቱም ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሕሊና የምትሠራበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ሕሊና_ስትራክቸር

ጋሽ ተፈራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የስታፋውን ነገር ዛሬውኑ ድሮዊንጉ ላይ አስገባለሁ። አጋድሎ መትከሉንም ትተነዋል።

ነገ ለአለቃዬ የማቀርበው እንዲህ ነው፦ 60 ሴንቲው በክሊንግ እንደማያልፍ ከሒሳቡ ጋር፣ የቅርፊቱና የአሸዋው ግፊት፣ እና የአፈር ማከሙ አማራጭ ዋጋ። ተጨማሪ ሁለት ቦርሆልም እጠይቃለሁ። የጎደለ ነገር አለ?

ብሩክ_ጂኦቴክ

አለ። ኤስፒቲው ለጥልቀትና ለመዶሻው ጉልበት የተስተካከለ መሆኑን ጠይቂ፣ ጥሬ ቁጥር ይዘሽ አትግቢ። የአሸዋው ግሬን ሳይዝ ይሠራ፣ ውስጡ ስንት በመቶ ደቃቅ እንዳለ ካልታወቀ ይፈስ አይፈስ መወሰን አይቻልም። ንጹሕ አሸዋ ከሆነ የተስተካከለው ኤስፒቲ 30 እስኪያልፍ ድረስ አትመኚው። ከሐይቁ ዳር እስከ ሕንፃው ያለውን ርቀት ለኪው፣ የሐይቁ ወለል ከዳሩ ጀምሮ እንዴት እንደሚወርድም ሰርቬየሩ ያሳይሽ። 50 ሜትር ውስጥ ነሽ ወይስ ውጭ የሚለው ሙሉ ዲዛይኑን ይለውጠዋል።

ደግሞ ያ 2 ሜትር ውሃ የተለካው በየትኛው ወር ነው?

ሕሊና_ስትራክቸር

ሪፖርቱ ላይ የካቲት ይላል።

ብሩክ_ጂኦቴክ

በጋ ነዋ። ከአዲሶቹ ቦርሆሎች አንዱ ላይ ፒዞሜትር (የውሃውን ከፍታ የሚለካ ቱቦ) አስቀሩና በነሐሴና በመስከረም ይለካ። ሐይቁ በክረምት ከፍ ካለና ውሃ የነካው ሙሌትም ከፈሰሰ ቅርፊትሽ 1 ሜትር ብቻ ሊቀር ይችላል፣ የሚፈሰው ደግሞ 10 ሜትር ይሆናል፤ ያኔ በክሊንጉ ይብሳል፣ የቅርፊቱ ግፊት ይቀንሳል። ሁለቱንም ሁኔታ ለየብቻ አስሊ።